ለአቀበቱ የሚሰነቅ ስንቅ

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከጥቅምት ወር ጀምሮ ከሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ወደ ጀማ ወንዝ እየወረድን ዓሣ እናጠምዳለን። መኪናችንን ከእነዋሪ ባሻገር ገደሉ አፋፍ ላይ አንድ ገበሬ ቤት አጠገብ እናቆምና በእግራችን እንወርዳለን። ባለፈው ጉዟችን ባለቤቴ ሌሊት ተነሥታ የሠራችውን የሥጋ ወጥ ከእንጀራ ጋር በፕላስቲክ ዕቃ ከድነን ይዘን ነበር፤ ስድስት ሰዓት ላይ ስንከፍተው ሸትቶ፣ ዳር ዳሩ አረፋ ይዞ አገኘነው። ስንመለስ ደግሞ ውሃችን አለቀ፤ አንደኛው ጓደኛችንም አቀበቱ መካከል ራሱን አዙሮት ተቀመጠ፤ አሳርፈን፣ ደግፈን ነው ያወጣነው። ሌላው ጓደኛዬ ለብርዱም ለድካሙም አረቄ ይበቃል ባይ ነው። ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያት ጾም ስለሚገባ ሦስታችንም እንጾማለን። ለአንድ ቀን ውሎ ምን የሚበላና የሚጠጣ ነገር ይዘን ብንወርድ ይሻላል? ባለቤቴንም ሌሊት ማስነሣቱ አሳፍሮኛል።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ከሁሉ አስቀድሞ ጓደኛዎ በሰላም ወደ ቤቱ በመመለሱ ደስ ብሎኛል። ያደግሁት እርስዎ በሚወርዱበት ገደል አፋፍ ላይ ስለሆነ መንገዱን አውቀዋለሁ። በዚያ አቀበት ላይ ራስ መዞር እንደ ተራ ድካም የሚታይ ነገር አይደለም፤ እግር አንድ ጊዜ ከሳተ የሚይዙት ነገር የለምና።

የእርስዎ ጥያቄ በወንዙ ዳር ምን እንብላ የሚል ይመስላል። እኔ ግን ስንቃችሁን ስታዘጋጁ ከአቀበቱ እንድትጀምሩ እመክራለሁ። በሌላ አገር ሐይቅ ዳር ዓሣ የሚያጠምድ ሰው መኪናው አጠገቡ ነው፤ ምግቡ ቢበላሽበት ተነሥቶ ይሄዳል። የጀማ ነገር ከዚህ የተገለበጠ ነው። ሲወርዱ ጠዋት ነው፤ አየሩ ቀዝቃዛ፣ ጉልበት ሙሉ፣ መንገዱ ቁልቁለት ነው። ሲመለሱ ግን ከቀትር በኋላ ነው፤ ሸለቆው የቀኑን ሙቀት ይዞ ይጠብቃል፣ ጀርባ ላይ ዓሣው ተጨምሯል፣ መንገዱም አንድ ሺህ ሜትር ገደማ ሽቅብ ነው። የቀኑ ከባዱ ሥራ በመጨረሻው ሦስት ሰዓት ውስጥ የተከማቸ ሆኖ ሳለ፣ አብዛኛው ሰው ስንቁን በስድስት ሰዓት ጨርሶ ለዚያ ሥራ ባዶ እጁን ይቀርባል። የእናንተም ጓደኛ ያጋጠመው ይኸው ነው፤ ምሳው ስለተበላሸ ከንጋት ጀምሮ የረባ ነገር አልቀመሰም፣ ላብ ሆኖ የወጣው ውሃና ጨው አልተተካም፣ ምናልባትም አረቄው ተጨምሮበታል።

ስለዚህ ስንቁን ስታሰናዱ የመጀመሪያው ቋጠሮ ለመመለሻ የሚሆነው ይሁን። እሱን ለብቻው ቋጥራችሁ ከቦርሳው ግርጌ አስቀምጡ፤ ፀሐይ አዘቅዝቃ አቀበቱን እስክትጀምሩም ማንም እንዳይነካው ሦስታችሁ ተስማሙ። በዚያ ቋጠሮ ውስጥ ምን ይግባ ለሚለው፣ እኔ ከበሶ የሚበልጥ አላውቅም።

በሶ ለጉዞ የሚመረጥበት ምክንያት ግልጽ ነው። ምግብን የሚያበላሹት ተሕዋስያን እንዲራቡ ውሃ ያስፈልጋቸዋል። ገብሱ ሲቆላ እርጥበቱ ይለቅቃል፤ የተፈጨው ዱቄትም በደረቅ ስልቻ ወይም በንጹሕ ከረጢት ከተያዘ የቆላው ሙቀት ቀርቶ የሳምንታት ቆይታም አይበግረውም። በዚያ ላይ በእሳት ያለፈ ስለሆነ ከወንዙ ዳር ማገዶ መፈለግ፣ ምጣድ መጣድ የለም። በ1888 ዓ.ም. ወደ አድዋ የዘመተው ሠራዊት በሶ፣ ቋንጣና ድርቆሽ መሰነቁ ዝም ብሎ የተገኘ ልማድ አልነበረም፤ እነዚህ ሦስቱ ክብደታቸው ቀላል፣ ዕድሜያቸው ረጅም፣ ዝግጅታቸው አጭር ነው። የእኛ አካባቢ ደግሞ የገብስ አገር ነው። ከመንዝም ሆነ ከደብረ ብርሃን ዙሪያ የሚመጣ ገብስ በገበያችሁ ስለማይጠፋ፣ ከሩቅ የምታስመጡት ነገር የለም።

አሠራሩን ለማያውቅ ሰው እንዲህ ነው። አንድ ኩባያ የበሶ ዱቄት በሳህን ላይ ያድርጉና መካከሉን ጎድጎድ አድርገው ሁለት የሾርባ ማንኪያ የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት፣ የጣት ጫፍ የሚያህል ጨው፣ ከወደዱም ትንሽ በርበሬ ይጨምሩበት። ከዚያም ውሃውን በጥቂት በጥቂቱ ጠብ እያደረጉ በጣትዎ ያሹት። ውሃ የበዛበት በሶ ጣት ላይ ይለጠፋል፣ ያነሰበት ደግሞ አፍ ውስጥ ይበተንና ትን ይላል። ትክክለኛው መጠን የሚታወቀው ጨብጠው ሲለቁት ነው፤ የአራቱ ጣትዎ ምልክት እንደ ማኅተም በላዩ ላይ ታትሞ ከቀረ፣ መዳፍዎም ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ፣ ጭብጦው ደርሷል። አያቴ ጭብጦውን በእጇ ስታዞረው ዘይቱ ብልጭ ብሎ ሲወጣ «አሁን መንገድ ይችላል» ትል ነበር። ለአንድ ሰው ሩብ ኪሎ ዱቄት ይበቃል፤ ያ ብቻውን 900 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ጉልበት ይይዛል፣ ዘይቱም ይጨምርበታል። በፍስክ ቀን ቅቤ የገባበት ከሆነ ጣዕሙም ጉልበቱም ሌላ እንደሆነ ለሸዋ ሰው አልነግርም።

ዘይትና ጨው የገባበት ጭብጦ ለአንድ ቀን እንጂ ለብዙ ቀን አይደለም፤ ውሃ ገብቶበታልና። ስለዚህ ዱቄቱን፣ ዘይቱንና ጨውን ለየብቻ ይዛችሁ ወርዳችሁ፣ ለመውጣት ስትነሡ እዚያው ብታሹት ይመረጣል። አቀበቱን ከመጀመራችሁ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ግማሹን ብሉ፤ የቀረውን በየእረፍቱ ጥቂት ጥቂት ቅመሱት። በሆድ ሙሉ አቀበት መጀመር ሌላ ስቃይ ነው።

አሁን ወደ ተበላሸው ወጥ ልመለስ፤ ባለቤትዎ የደከሙበት ነውና ጥፋቱ የእርሳቸው አለመሆኑን በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ። ሌሊት የተሠራ ትኩስ ወጥ በፕላስቲክ ዕቃ ተደፍቶ ሲከደን እንፋሎቱ መውጫ ያጣል፤ ክዳኑ ላይ ውሃ ይሆንና ተመልሶ ይንጠባጠባል። በደብረ ብርሃን ውርጭ ውስጥ ዕቃው ከውጭ ቢቀዘቅዝም መሀሉ ለብ እንዳለ ይቆያል። ከዚያ መኪና ውስጥ፣ ከዚያም ወደ ሸለቆው። ከአፋፉ እስከ ወንዙ በየአንድ ሺህ ሜትሩ ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚጨምር፣ ካፖርት ለብሳችሁ የጀመራችሁት ጉዞ በሸሚዝ ነው የሚያልቀው። በበሰለ ምግብ ላይ ተሕዋስያን በፍጥነት የሚራቡት በ5 እና በ60 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል ባለው ሙቀት ነው። በዚህ ሙቀት ውስጥ የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ፣ አየሩ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ይመከራል። የእናንተ ወጥ ስምንት ሰዓት ያህል ቆይቷል። አንዳንድ ሰው እሳት አንድዶ መልሶ ቢያፈላው የሚድን ይመስለዋል። ነገር ግን በእጅ ንክኪ ወደ ምግብ ከሚገቡት ባክቴሪያዎች መካከል በማፍላት የማይጠፋ መርዝ የሚተዉ አሉ፤ የሸተተ ወጥ ተመልሶ አይድንም። ሳትበሉ መድፋታችሁ ትክክል ነበር።

እንጀራ መብላት ግድ ከሆነባችሁ፣ እኔም እንጀራ ሳይቀምስ የዋለ ሰው ቅር እንደሚለው አውቃለሁና፣ እንጀራውን አቀዝቅዛችሁ በአገልግል ያዙት። አገልግል በሣር የተሰፋ፣ በቆዳ የተለበጠ በመሆኑ እንደ ፕላስቲክ እንፋሎት አፍኖ አያላብም፤ እንጀራውም ለስልሶ ይውላል። ማባያው ግን ወጥ መሆኑ ይቅር። ስልጆ ይዛችሁ ውረዱ። ከባቄላ ዱቄትና ከሱፍ ተሠርቶ፣ ሰናፍጭ ገብቶበት የቦካ ነገር ስለሆነ ኮምጣጣነቱ ራሱ ይጠብቀዋል፤ የጾም ነው፤ በትንሽ ብልቃጥ ይያዛል፤ ከሙቀት የተነሣ የምግብ ፍላጎት ሲጠፋ ደግሞ አፍ ይከፍታል። ሽሮ ወጥና ምስር ወጥ የጾም ስለሆኑ ብቻ የማይበላሹ እንዳይመስላችሁ፤ እርጥብ ናቸውና ከሥጋው ወጥ ብዙም አይሻሉም። የሱፍና የተልባ ፍትፍትም እንዲሁ ነው፤ ቤት ውስጥ የጾም ጌጥ የሆነ ምግብ ሁሉ ለቆላ መንገድ አይሆንም።

ለምሳ የምመርጥላችሁ ድርቆሽ ነው። ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብሎ እንጀራውን ቆራርሶ ፀሐይ ላይ ማስጣት ብቻ ነው ሥራው፤ በጥር አየር የሚደርቀው በኅዳርም ይደርቃል። ወንዙ ዳር ስትደርሱ ሁለት ቲማቲም፣ አንድ ቀይ ሽንኩርት፣ አንድ ቃሪያ ከትፋችሁ ሎሚ ጨምቁበት፤ ጨውና ዘይት ጨምሩ፤ ከዚያም ድርቆሹን በትንሽ ውሃ አርሳችሁ ፈትፍቱት። ለአምስት ደቂቃ በጥላ ሥር ካረፈ በኋላ ሲበላ የእሳት ምግብ አያስመኝም። ቲማቲሙና ሽንኩርቱ ሳይቆረጡ ስለሚወርዱ የሚበላሽ ነገር የለም። ውሃው ግን የታከመ ውሃ ይሁን፤ ከወንዙ የተቀዳ ውሃ ድርቆሽ ላይ ማፍሰስ ከወንዙ እንደመጠጣት ይቆጠራል። ይህን ከሠራችሁ በኋላ በማንኪያ ብሉት። የማንኪያውን ነገር አጥብቄ የምናገረው በከተማ ልማድ ተመርቼ አይደለም። ዓሣ አጥማጅ ቀኑን ሙሉ የምድር ትል ሲቆርጥ፣ መንጠቆ ላይ ሲሰካ፣ የአምባዛ ልጋግ ሲያጸዳ የዋለ እጅ ነው ያለው። በወንዙ ውሃ ያለቀለቁት እጅ የታጠበ እጅ አይደለም። አንድ ቁራጭ ሳሙናና አንድ ጠርሙስ ንጹሕ የመታጠቢያ ውሃ ለብቻ ያዙ፤ ማጥመጃ ትሉን የያዘው ቆርቆሮም ከምግቡ ጋር በአንድ ቦርሳ አይግባ።

ቀኑን ሙሉ በመካከል በመካከሉ የሚቆረጠም ነገር ደግሞ ቆሎ ነው። ገመዱን ውሃ ውስጥ ጥሎ የሚጠባበቅ ሰው በአንድ እጁ ከኪሱ እያወጣ የሚበላው ሌላ ምን አለ? ዳሩ ግን ገብስ ብቻ አይሁን። ሽምብራ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህሉ ፕሮቲን ስለሆነ፣ በጾም ወራት ሥጋም ዕንቁላልም ለቀረበት ሰው ያቆመዋል። ሁለት እጅ ገብስ፣ አንድ እጅ ሽምብራ፣ ጥቂት ሱፍና ለውዝ ቀላቅላችሁ ለአንድ ሰው ሁለት መቶ ግራም ብትይዙ ይበቃል። ቤት መቁላት ካልተመቻችሁ ወደ ደብረ ሲና ያመራ ሰው ካለ ያምጣላችሁ፤ የዚያ ቆሎ ስሙ የታወቀ ነው። ጨው ነካ ቢደረግበት ለላቡ ይጠቅማል፤ ግፊት ያለበት ሰው ካለ ግን የሐኪሙን ምክር ይያዝ። ስኳር በሽታ ያለበት ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ ስኳር ወይም ከረሜላ ከኪሱ እንዳይለይ፣ ሌሎቻችሁም የት እንዳስቀመጠው እወቁ።

ድንች ከነልጣጩ ተቀቅሎ፣ ውሃው ጠፍፎና ቀዝቅዞ ከተያዘ ለጠዋቱ ሰዓት መልካም ነው። ከፍታ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም፤ ደብረ ብርሃን ላይ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ድንቹ ጊዜ ይፈልጋል፤ ሳይበስል አትጣደፉ። ድፎ ዳቦም ሳይቆረጥ ከተያዘ እስከ ማታ ይቆያል። ብርቱካንና መንደሪን በልጣጫቸው ውስጥ ታሽገው የመጡ ናቸው፤ ሙዝ ግን በቁልቁለቱ ይጨፈለቃል። ፍስክ ሲሆን ቋንጣ ይጨምሩ። የተቀቀለ ዕንቁላል ከሆነ ሳይላጥ ይያዝ፤ ብርዱ ሳይለቅቅ፣ ቁልቁለቱን ሳትጀምሩ ይበላ።

የምታጠምዱትን ዓሣ ምሳ ልታደርጉት አስባችሁ ከሆነ አይሆንም እላለሁ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እንዲሉ፣ ያልተያዘ ዓሣ ምሳ አይደለም። ከተያዘም ጥሩ፤ ፍስክ ከሆነ ትንሽ ጨውና ሎሚ ያላችሁ ሰዎች በፍም ላይ ጠብሳችሁ ቅመሱ፤ የቀረውን ወዲያው ሆዱን አውጥታችሁ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላችሁ በጥላ አቆዩት። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በየአካባቢውና በየቤቱ የተለያየ ነው፤ ይህን የንስሐ አባታችሁን ብትጠይቁ እንጂ ከእኔ የምትወስዱት ነገር አይደለም። አንድ የምናገረው ቢኖር፣ ቅዳሜን መምረጣችሁ ለጾሙም አመቺ መሆኑን ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ከጥሉላት መከልከል እንጂ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከእህል መቆየት ስለሌለ፣ ጠዋት በልታችሁ ለመውረድ የሚከለክላችሁ የለም። በረቡዕና በዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ ያንን ገደል መውረድና መውጣት ለሚያስብ ሰው ግን ሌላ ቀን እንዲመርጥ እለምነዋለሁ።

ወደ መጠጡ ልምጣ። ጥያቄዎ ውስጥ አረቄው ነው ጎልቶ የመጣው፤ እኔን ግን ይበልጥ ያስጨነቀኝ ውሃው ማለቁ ነው። ለአንድ ሰው ለሙሉ ቀን አራት ሊትር አስቡ። አራት ሊትር አራት ኪሎ ነው፤ አራቱንም ተሸክሞ መውረድ፣ የቀረውንም ተሸክሞ መውጣት ከባድ ነው። እኛ ቤት የነበረው ዘዴ ቀላል ነበር። ስንወርድ ከመንገዱ አጋማሽ ላይ፣ ጥላ ካለበት ቋጥኝ ሥር፣ ለመመለሻ የሚሆነውን ውሃ አስቀምጠን እንወርዳለን። እናንተም በሰው አንድ ሊትር የሚይዝ የሃይላንድ ጠርሙስ እንዲሁ አድርጉ፤ በላዩ ላይ ከባድ ድንጋይ ጫኑበት። ይህን የምለው በጭላዳና በዝንጀሮ ምክንያት ነው። ዝንጀሮ ጠርሙስም ቋጠሮም የሚፈታበት እጅ ስላለው፣ ምግብ በፍጹም አታስቀምጡ፤ ውሃውም ቢሆን በድንጋይ ካልተደፈነ አይገኝም። ፍሪጅ ያለው ሰው ደግሞ ዓርብ ማታ አንድ ሁለት ጠርሙስ ግማሽ ድረስ ሞልቶ በረዶ ያድርገው፤ ጠዋት ቀሪውን በውሃ ይሙላው። በረዶው ቀስ እያለ ሲቀልጥ ቲማቲሙንና ስልጆውን ያቀዘቅዛል፣ ስድስት ሰዓት ላይ ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ ይሆናል።

ከጀማ አትጠጡ። በኅዳርና በታኅሣሥ ውሃው ጠርቶ ድንጋዩን ስለሚያሳይ ያታልላል፤ ከላይ ግን ከብት ይጠጣበታል፣ ልብስ ይታጠብበታል፣ ከየቀበሌው ጎርፍ የሚያመጣው ሁሉ ይገባበታል። ታይፎይድና ጃርዲያ ዓይን የሚያያቸው አይደሉም። ሌላው የቆላ ወንዝ ሥጋት ቢልሃርዚያ ነው፤ እርሱ በመጠጣት ሳይሆን በቆዳ በኩል የሚገባ በመሆኑ፣ በተለይ ረጋ ባለ የዳርቻ ውሃ ውስጥ እግርን ነክሮ መዋል አይገባም። ግድ ሆኖባችሁ የወንዝ ውሃ መጠቀም ካለባችሁ አጣርታችሁ አፍሉት፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ቦታ ሦስት ደቂቃ፣ ከዚያ በታች አንድ ደቂቃ ሲንተከተክ ይቆይ። ውሃ አጋር የተባለውን የውሃ ማከሚያ የያዘ ሰው ደግሞ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መጠን ይከተል፣ የመጠበቂያውን ጊዜም አያሳጥር።

ውሃ ብቻውን ግን አይበቃም። ሰው ሲያልበው የሚያጣው ውሃና ጨው ሁለቱን ነው፤ ውሃውን ብቻ ደጋግሞ የሚጠጣ ሰው ጨውን ስለማይተካ ራስ ምታትና ማዞር ሊጀምረው ይችላል። ለዚህ ነው ጭብጦው ውስጥ ጨው እንዲገባ ያልሁት። በየቦርሳችሁም አንድ አንድ የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ከረጢት ይኑር፤ ከመድኃኒት ቤት በርካሽ ይገኛል፣ አንዱ ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል። ካጣችሁ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ መበጥበጥ ነው፤ ጨው ከዚያ አይብዛ። ጓደኛዎ ራሱን ባዞረው ጊዜ ይህ አጠገባችሁ ቢኖር፣ ጥላ ሥር አስቀምጣችሁ ቀስ በቀስ ብታጠጡት፣ ተደግፎ ሳይሆን በራሱ እግር በወጣ ነበር ብዬ አምናለሁ። ማዞሩ አልቀንስ ካለ፣ ንግግሩ ከተሳሰረ ወይም ላቡ ከቆመና ሰውነቱ ከጋለ ግን ነገሩ የሙቀት ሕመም ሊሆን ስለሚችል፣ ውሃ እያፈሰሳችሁ አቀዝቅዛችሁት ወደ ሕክምና የሚያደርስ ሰው ጥሩ።

በሶን በማርና በውሃ በጥብጦ መጠጣትም ከዚሁ የሚቆጠር ነው። ማርና ገብስ ፈጥኖ ጉልበት ይሆናል፣ ጥም ይቆርጣል። አንድ ጠርሙስ ውሃ ውስጥ ሦስት የሾርባ ማንኪያ በሶና አንድ ማንኪያ ማር ጨምራችሁ ስትነሡ ናጡት፤ በጠርሙስ ግርጌ ስለሚዘቅጥ ከመጠጣታችሁ በፊት እንደገና ናጡት። የተበጠበጠው ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይ።

አረቄን በተመለከተ ጓደኛዎን ቅር ማሰኘት አልፈልግም። የደብረ ብርሃን ሰው አረቄን የሚወድድበትን ብርድ አውቃለሁ፤ የጠጣ ሰው ሞቀኝ ቢልም እውነቱን ነው፤ ይሞቀዋል። ነገር ግን የሚሞቀው ቆዳው ነው። አልኮል በቆዳ ሥር ያሉ የደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ ደሙ ወደ ላይ ይወጣና የውስጥ ሙቀቱን ለብርዱ ያስረክባል። በሽንትም ውሃ ያስወጣል፤ ቀን ላይ የሚያስፈልጋችሁን ውሃ በጠዋት ያስፈስሳችኋል። ሁሉም ይቅርና ገደሉና ወንዙ አሉ፤ ሚዛን የጎደለው ሰው ቁልቁለት ላይ ያለ ሰው ሊሆን አይገባውም፣ በጥልቅ ውሃ ዳር የቆመ ሰውም ሊሆን አይገባውም። ጠላም ቢሆን በታሸገ ጀሪካን ውስጥ መፍላቱን ስለማያቆም ጀሪካኑ በሙቀት ተነፍቶ ክዳኑን ሊያስፈነጥር ይችላል። ይህን ለጓደኛዎ ሲነግሩ በእኔ ስም ይንገሩት፤ አረቄው ቤት ገብቶ፣ እግሩን ታጥቦ፣ እሳት ዳር ሲቀመጥ ይጠብቀዋል።

ለጠዋቱ ብርድ ሻይ በፔርሙዝ ያዙ። ዝንጅብልና ቀረፋ ይግባበት፣ ስኳሩ በዛ ይበል። አፋፉ ላይ መኪናውን ስታቆሙ አንድ አንድ ስኒ ጠጡ። የቀረውን ግን ይዛችሁ አትውረዱ፤ መኪናችሁን የምታቆሙባቸው ባለቤት ዘንድ አኑሩት። እንግዳ ስንቅ ቢያስቀምጥ የአገራችን ሰው እምቢ አይልም፤ እናንተም ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፣ ስኳርና ሳሙና ያዙላቸው፤ ዓሣ ከበሉም ስትመለሱ ድርሻቸውን ስጧቸው።

ስለ ባለቤትዎ መጨረሻ ላይ የጠቀሱት ለእኔ መጨረሻ የሚባል ጉዳይ አይደለም። ከላይ የዘረዘርሁትን ልብ ካሉት አንዱም ሌሊት የሚሠራ አይደለም። ድርቆሹ ከረቡዕ ጀምሮ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ቆሎው ሐሙስ ይቆላል። ድንቹ ዓርብ ማታ ይቀቀላል። በሶውን ወንዙ ዳር የሚያሹት እርስዎ ነዎት። ሽንኩርቱን የሚከትፉት ጓደኞችዎ ናቸው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጉዞ ባለቤትዎ ይተኙ፤ አገልግሉን ዓርብ ማታ እርስዎ አሰናድተው በር ሥር ያስቀምጡት፤ ሌሊት አሥር ሰዓት ሲነሡም ድምፅ ሳያሰሙ ይውጡ። ሲመለሱ ደግሞ፣ ጨልሞም ቢሆን፣ አፋፉ ላይ ያኖራችሁትን ሻይ ስትጠጡ ስልክ ይደውሉላቸው፤ ሦስታችሁም በእግራችሁ መውጣታችሁን ከእርስዎ አፍ ይስሙት።